ሶሌታው የተሞላበት ዓመት

ሃቴም አውሎ ነፋስ የነቀለበትን የጣሪያ ቆርቆሮዎች ያገኘው ታላቋን ልጁን ሞይናን በቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ማዶ መንደር የሩዝ ማሳ ውስጥ ነው። ከዳካ ወጣ ብሎ ያለው የታንጋይል ሰው አውሎ ነፋስ ባለፈ ማግስት በየማሳው እየዞረ የበረረ ጣሪያውን ይለቅማል፤ በመዶሻ አቃንቶ መልሶ ይከድነዋል። ድሃ ሌላ ምን ያድርግ? እሱም አሥራ አራቱን ለቀመ። ከአሥራ አራቱ አንዱ የልጁን አንገት የመታው ነው። የትኛው እንደሆነ ግን ዝናቡ አጥቦት ስለነበር አላወቀም። ሁሉንም ከጓሮ ከመራቸውና መዶሻ ሳያነሳባቸው ቀረ።

«ሺዉሊ ከእንግዲህ ቆርቆሮ ሥር አትተኛም» ብሎ ማለ። የቀረችው ልጅ እሷ ብቻ ነበረች። የሩዝ መሬቱን ሸጦ የጡብ ቤት መሥራት ጀመረ። ግድግዳው አለቀ፤ ገንዘቡም አብሮ አለቀ።

ግንበኛው ኩዱስ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሳቀ። «ሃቴም ወንድሜ፣ ፌሮና ሲሚንቶ እንደ ወንዱ ሙሽራ አባት ነው፤ በነጋ ቁጥር አዲስ ነገር ይጠይቅሃል። ለጊዜው ያን ቆርቆሮህን ጣል አድርግና ጡብ ጫንበት። አገሩ ሁሉ እንዲያ አይደል?»

ሚስቱ ጆይጉን ከደጅ ሰማች።

«ጥሩ፤ የትኛውን ነው ከልጄ ራስ በላይ የምታደርገው? ምረጥልኝ እስቲ፣ የሞይና አባት።»

ኩዱስ ከመሰላሉ ወረደ።

በዚያው ሳምንት ሺዉሊ አባቷ ሽመናው ላይ እንደተቀመጠ አጠገቡ መጣች።

«አባ፣ ዳካ ልብስ ፋብሪካ ሰው ይፈልጋሉ አሉ። አንድ ዓመት ብቻ።»

«ቤቱ የሚሠራው ላንቺ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያ ኮፍያውን፣ ጣሪያውን፣ እኔ ብገዛለት ቤቱ ይከፋዋል?»

ሦስት ቀን እንቢ አለ። በአራተኛው ቀን አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ ሸኛት።

አንዱ ዓመት ሁለት ሆነ። የጣሪያው ሶሌታ በተሞላ ቀን ኢማሙ ዱዓ አደረጉ፤ ጣፋጭ ታደለ። ሺዉሊ ፈቃድ ተከልክላ በስልክ ነበረች። «አባ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣው! ሳይጠጣ ከደረቀ ይሰነጠቃል አሉ» አለች። እሱም እንደ ችግኝ አጠጣው።

አውሎ ነፋስ በሚነሳበት በቾይትሮ ወር ማለቂያ ሰማዩ በሰሜን በኩል ጠቆረ። ነፋሱ ሲያጓራ ሃቴም በሩ ላይ ቆሞ፣ እጆቹን ጆሮዎቹ ላይ አድርጎ አዛን አለ፤ አባቱም አውሎ ነፋሱ እንዲያልፍ ብለው እንዲሁ ያደርጉ ነበር። የጎረቤት የሣር ክዳን ተበትኖ በግቢው አለፈ። የእነሱ ጣሪያ ንቅንቅ አላለም። ጆይጉን ከአልጋው ሥር ወጥታ ሽቅብ አየች፤ ፊቷ ከሞይና ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ።

«አልሐምዱሊላህ። የልጄ ላብ ነው እኮ የያዘን። እሷስ? ዳካም ሰማዩ ጠቁሮ ይሆን?»

«እንጃ።»

«ቢጠቁርስ! ፎቅ ነው የምትኖረው ብለኸኝ የለ?»

ሃቴም ለኢድ ዳካ ሄዶ ልጁን አይቷታል። ከሦስት ልጃገረዶች ጋር፣ ቦይ ዳር፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ውስጥ ነው የምትኖረው። ጣሪያው በሽቦ ታስሯል። ስትሸኘው «ለእማ ፎቅ ነው በላት» ብላዋለች።

«አዎ፣ ፎቅ ነው» አለ ሃቴም።

ወደ በሩም ዞሮ፣ የጨረሰውን አዛን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።