የሁለት ብር መዋጮ

በ1988 ይመስለኛል፣ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ ወንበር ስደረድር የሰማሁት ነው፤ ግማሹን ረስቼዋለሁ። የቴአትር ማኅበራችን መሥራች ጋሽ ሽበሺ ከየአባሉ ቤት እየዞሩ መዋጮ የሚሰበስቡልንን እትዬ ከበቡሽን፣ «ለሁለት ብር ብለሽ ጫማሽን ጨረስሽው እኮ» አሏቸው።

«የኔን ጫማ ተወውና አንተ ትወናህን አሳምር። ሁለት ብር የከፈለ ሰው ይቆጣል።»

እኔ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ሒሳብ ያስተማረኝ የለም፤ ከአሮጌ መጽሐፍ ለቃቅሜ ነው። በ1996 አንድ የውጭ ድርጅት የአዳራሹን ኪራይ ልሸፍን ሲል ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ከዚያም በጉባኤ ተነሥቼ፣ «ከእንግዲህ ድሃ አናስቸግር፤ መዋጮው ይቅር» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። እትዬ ከበቡሽ ብቻ ካርኒያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ሰባት ዓመት መዝገባችን ጤነኛ ነበር። ተመልካቹ እየሳሳ ሲሄድ፣ ቴአትሩ ሲበላሽ ማንም አልተቆጣንም። እኔ ሰላም መሰለኝ።

በ2003 ድርጅቱ ውሉን ሳያድስ ቀረ። አከራያችን አቶ ዩኑስ ሦስት ወር ታግሠውን፣ «እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልከፈላችሁ መጋዘን አደርገዋለሁ» አሉ። ለቀድሞ አባላት ደወልኩ። አንዱ፣ «የፈረንጆቹ ቤት አሁንም አለ እንዴ?» አለኝ። እያሾፈ አልነበረም፤ የምሩን ነው።

አሥራት ሳላጎድል የማወጣ ሰው ነኝ። መስጠት ሰጪውን ባለቤት እንደሚያደርገው እያወቅሁ ያንን ከሰዎቹ ቀማኋቸው፤ ያውም ጽድቅ መስሎኝ።

እትዬ ከበቡሽን ምሥራቅ ገበያ ውስጥ፣ ከሽንኩርት መደባቸው አገኘኋቸው።

«መዋጮውን ማስቆሜ ጥፋት ነበር» አልኳቸው።

መመዘናቸውን አላቋረጡም። «ዛሬ ነው የነቃኸው?»

«ዛሬ ነው የመጣሁት። ከነቃሁ ቆየሁ፤ አፈርኩ።»

«እኔኮ ብር ብቻ አልነበረም የምሰበስበው፤ ማን እንደታመመ፣ ማን በየትኛው ቴአትር እንደሳቀ በየበሩ እሰማ ነበር።»

«እንደገና ይዙሩልን።»

«በዚህ ጉልበቴ?»

ቆሜ ጠበቅሁ። ሁለት ደንበኛ ሸኙ፤ የሚዛኑን ድንጋይ በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉ።

«ቅዳሜ ጠዋት እንወጣለን» አሉ በመጨረሻ። «በሩን አንተ ታንኳኳለህ፤ ማን እንዳስቆመውም ራስህ ትናገራለህ። እኔ ካርኒ እቆርጣለሁ።»