የሐሙስ ደብዳቤ ተሰናባቾች

አርብ አርብ ጠዋት እንየው ፊቱን ሳይታጠብ የሚያየው ነገር ማን ማን እንደከዳው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንየውና ሱሀይላ በየሳምንቱ ሐሙስ በኢሜይል የሚላክ ተከታታይ ልብወለድ ይጽፋሉ። የመልእክቱ ስም «የሐሙስ ደብዳቤ»፣ የልብወለዱ ደግሞ «የሐረጎ ጉም» ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ላይ ጉም ውስጥ ገብቶ ስለቀረ ሚኒባስና ስለተሳፋሪዎቹ። አንዱን ሳምንት እንየው ይጽፋል፤ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖር የአማርኛ መምህር ነው። ሌላውን ሳምንት ሱሀይላ ትጽፋለች፤ ኮምቦልቻ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። የተዋወቁት ዩኒቨርሲቲ፣ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ውስጥ ነው። ክበቡ በሊቀመንበርነት ተጣልቶ ፈረሰ፤ ሊቀመንበር መሆን ያልፈለጉት ሁለቱ ብቻ ተርፈው ጓደኛሞች ሆኑ።

«ቴሌግራም እያለ ኢሜይል ምን ይሠራል?» ያላቸው ብዙ ነው። እንየው መልሱን አዘጋጅቷል። «ቴሌግራም ላይ ልብወለድህ በሽንኩርት ዋጋና በኳስ ውጤት መሀል ተገፍቶ ያልፋል። ኢሜይል ግን በስምህ መጥቶ በርህን ያንኳኳል!» ችግሩ፣ የከተማው ሰው ኢሜይል የተከፈተው ስልኩን በሸጠለት ልጅ እጅ ነው፤ ባለቤቱ ኢሜይል እንዳለው እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱ ደራሲዎች ከሱቅ ሱቅ፣ ከቤት ቤት እየዞሩ «እዚህች ጋ ነካ ያድርጉ፣ ሐሙስ ሐሙስ ታሪክ ይመጣልዎታል» እያሉ ነው አንባቢ ያፈሩት። ደብዳቤው የሚላክበትን ድረ ገጽ እንግሊዝኛም እንየው በገዛ እጁ ከላይ እስከ ታች ወደ አማርኛ መለሰው። በሥራው ኮርቷል።

አንባቢው እየበዛ ሄደ። ከዚያ መቀነስ ጀመረ። ድረ ገጹ የወጣውን ሰው ስም ስለሚያሳይ፣ ሕመሙ የጅምላ አልነበረም፤ በስም በስም ነበር።

«ያንተ ሳምንት ስንት ሰው ወጣ?» አለው አግማስ፣ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለው ማኪያቶውን እያማሰለ። አግማስ የእንየው ጓደኛ ነው። ገጣሚ ነኝ ይላል፤ ግጥሙን ያነበቡ ሰዎች ግን «ገጣሚ ነው» ሲሉ ተሰምተው አያውቁም።

«የኔ ሳምንት ማንም አይወጣም።»

«የሷ ሳምንትስ?»

«እሱ ነው እኮ! የሷ ሳምንት ይጎርፋል። ደግሞ ደህና ደህናው ሰው። እትዬ የኔነሽ፣ ሀጂ አብዱልወሀብ፣ ያ የቢስቲማው መምህር…»

«በቃ። ሰው ዝም ብሎ ከቤት አይወጣም። ወይ ቤቱ ያፈሳል፣ ወይ ጎረቤት ጠርቶታል።»

«ምን ለማለት ፈልገህ ነው?»

«እኔ? ምንም አላልኩም» አለ አግማስ፤ ምንም ያላለው ሰውዬ ቀጠለ። «ኮምቦልቻ የንባብ ክበብ ከፍታለች ሲሉ ሰማሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ። አልነገረችህም?»

ነግራዋለች። እንዲያውም «ናና እያቸው» ብላዋለች። አሁን ግን መጋበዟ ራሱ አላምር አለው። ንጹሕ ሰው ምን አስጨንቆት ይጋብዛል? ቤቱ ገብቶ የድሮ መልእክቶቿን ከላይ እስከ ታች አነበበ። አንባቢ እየቀነሰ ነው ብሎ ሲጽፍላት «አብሽር፣ ይመለሳሉ» ብላ ነበር። አብሽር! ቤቱ ሲቃጠል «አብሽር» የሚል ማነው? ክብሪቱን የያዘው ነዋ።

ሄዶ ሀጂን መጠየቅ ይችል ነበር፤ ሱቃቸው ካፌው ፊት ለፊት ነው። ግን ደራሲ የከዳውን አንባቢ ደጅ ቆሞ «ለምን ጠሉኝ?» አይልም። ሀጂን ከሩቅ ሲያይ መንገድ መሻገር ጀመረ።

ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። የንባብ ክበቡ ከፋርማሲው አጠገብ ጁስ ቤት ውስጥ ነበር፤ ጥቂት ሴቶች ስልካቸውን ይዘው ጠረጴዛ ከበዋል። ከውጭ ሲሰማቸው ይንጫጩ ነበር። እሱ ሲገባ ጸጥ አሉ። አንዷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሌላዋ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«ሱሀይላ፣ አንዴ ውጭ።»

በረንዳው ላይ ወጡ። ሱሀይላ የአቮካዶ ጁሷን እንደያዘች ነው።

«ስንቱን ወሰድሽ?» አላት።

«ምኑን?»

«አንባቢውን።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እሷም ቀስ ብላ ሳቋን መለሰች።

«የምርህን ነው እንዴ?»

«አንቺ በጻፍሽ ቁጥር ይወጣሉ። እኔ ስጽፍ አንድም ሰው አይወጣም። እዚህ ደግሞ ክበብ ከፍተሻል። እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትይ ነበር?»

«ወላሂ እንየው፣ እኔ—»

«መሐላ አልጠየቅኩሽም።»

ሱሀይላ ጁሷን በረንዳው ግንብ ላይ አስቀመጠችው። ወሎ ውስጥ ሰው ምሎ ሳይጨርስ አፉን መዝጋት በጥፊ ከመማታት አይተናነስም፤ ይህን እንየውም ያውቃል። ቃሉ ግን ወጥቷል።

«በጌታዬ ስም ጀምሬ አስቆምከኝ» አለችው። «እሺ። የኔን ተራ፣ ክፍል ስምንትን፣ ራስህ ጻፈው። ዘጠኝንም፣ አሥርንም። ሚኒባሱ ከጉሙ አልወጣ ካለህ ገደል ክተተው።»

ክፍል ስምንትን ራሱ ጻፈው። ከዚህ በፊት ያላነሳቸውን የጉም ዓይነቶች አንድ በአንድ አነሳ። ሐሙስ ላከ። አርብ ጠዋት አየ፤ ማንም አልወጣም። በሩጫ ፒያሳ ወረደ።

«ተያዘች!» አለው አግማስን። «እሷ ሳትኖር አንድ ሰው እንኳ አልወጣም!»

«አላልኩህም?»

«ምንም አላልኩም ነበር ያልከው።»

«እሱም ቢሆን።»

አንድም አንባቢ መልስ አልጻፈለትም። እንየው ይህን እንደ መደመም ቆጠረው። ደስታው ከካፌው እስኪወጣ ቆየ፤ በዚያ ደስታ መንገድ መሻገሩን ረስቶ የሀጂ አብዱልወሀብ ጨርቅ ሱቅ በር ላይ ተያዘ።

«አንተ እንየው! ና እስቲ ወዲህ። ምን በድለንህ ነው?»

«ምነው ሀጂ?»

«ታሪኩን ነፈግኸና! ያ ሚኒባስ ከጉሙ ወጣ? ወይስ እዚያው ቀረ? ከሪማ ልጄ ስንቴ ጠየቀችኝ፣ ምን ልበላት?»

«ሀጂ፣ እርስዎ ነዎት እንጂ የወጡት።»

«ከየት?»

«ከደብዳቤው።»

«እኔ? ወላሂ ከየትም አልወጣሁ!» ሀጂ የሜትር ብረታቸውን አስቀመጡ። «ልንገርህ። የዚያችን የኮምቦልቻዋን ልጅ ተራ አነበብኩ። አሮጊቷ ሚኒባሱ ውስጥ የምታለቅስበትን። ወላሂ እንባዬ መጣ። እስከ ታች ጨረስኩት። ታች ላይ ‹ለመሰናበት እዚህ ይጫኑ› ይላል። ተጫንኩ። ሳልሰናበት ከሰው ቤት ወጥቼ አላውቅማ! ‹ተሰናብተዋል፤ በሰላም ይግቡ› አለኝ። አይ የሰው ልጅ፣ እንዲህ ነው ያሳደጉት ልጅ አልኩ። በሳምንቱ ብጠብቅ፣ የለም። ብጠብቅ፣ የለም።»

እንየው የሱቁን በር ያዘ። ድረ ገጹ በእንግሊዝኛ «አንሰብስክራይብ» የሚላትን ቁልፍ ወደ አማርኛ ሲመልስ ሱሀይላ «‹ምዝገባ ለመሰረዝ› በለው» ብላ ነበር። እሱ ነበር የሳቀባት። ቀበሌ ቀበሌ ይሸታል፣ ጨዋ ቃል እናድርግ ብሎ። «በሰላም ይግቡ» የሚለውንም የጨመረው እሱ ነው።

«እኔማ» አሉ ሀጂ፣ «ያን የሱፍ ጨርቅ አስወድጄብህ ተቀይመህ ነው ብዬ ነበር። የኔነሽን ባገኛት እሷም ቀርቶባታል። ‹ፊደል ስቷል ብዬ ስለነገርኩት ነው ያባረረኝ› አለች። አንተም ስታየኝ መንገድ ስትሻገር፣ በቃ አልኩ፣ ቂም ነው።»

«ሀጂ» አለ እንየው። «የኔን ተራ ሲያነቡስ? እኔን ተሰናብተውኝ ያውቃሉ?»

ሀጂ የለኩትን ጨርቅ አንስተው እንደገና ይለኩ ጀመር።

«ያንተማ… ያንተም ጥሩ ነው። አላህ ያውቃል፣ ጥሩ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል። የኔም ዓይን ደግሞ እስከ ታች ለመድረስ…»

ሰኞ ከሰዓት ኮምቦልቻ ፋርማሲው ውስጥ ገባ። ሱሀይላ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ መደርደሪያ ታስተካክላለች፤ ዞር ብላ አላየችውም።

«የጉሮሮ ከሆነ አለ። የጭንቅላት አልቋል።»

«ሱሀይላ፣ ስህተቱ የቁልፉ ነው።» ስለ ሀጂ፣ ስለ እትዬ የኔነሽ ነገራት። ስለ ተረጎመው ሰው አላነሳም።

«ቁልፉ ራሱን ተረጎመ?»

«እኔ ነኝ። አፉ በይኝ።»

አፉ አላለችውም። ግን እጇ መድኃኒቱ ካርቶን ላይ ቆመ። «ቆይ ቆይ። ሰው የሚሰናበተው አንብቦ ሲጨርስ ነው ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ካንተ ተራ በኋላ ደግሞ ማንም አይወጣም ነበር።»

እንየው ስለ ሳል ሽሮፕ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረ።

«አንድም?»

«አንድም።»

ወደ መደርደሪያው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየና አስለቀስኳት ብሎ ደነገጠ። ስትዞር ግን ዓይኗን የምትጠርገው ከሳቅ ብዛት ነበር።

«ያን ቀን ስትገባ ለምን ዝም አሉ መሰለህ? ያንተን ክፍል ማን ጮክ ብላ ታንብብ ብለው ዕጣ እየጣሉ ነበር። ስልኳን የደበቀችው እኮ ዕጣው የወጣባት ናት!»

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም። መሐላዬን አፌ ላይ ያቆምክበትን ገና አልሳቅኩበትም» አለች፤ አሁን በእርግጥም አልሳቀችም። «ቁጥር አይተህ ነው የጠረጠርከኝ። ስንት ዓመት ታውቀኛለህ?»

«ተመለሺልኝ» አለ። «ያለ አንቺ ልብወለዱ ጉም ብቻ ሆኗል። ቁልፉን ዛሬውኑ አስተካክላለሁ።»

«አታስተካክለውም። በሚቀጥለው ክፍልህ ሥር እንዳለ ይቆይ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከተሰናበተህ እመለሳለሁ።»

«ይኼማ ቅጣት ነው።»

«መድኃኒት ነው። በባዶ ሆድ የሚወሰድ።»

ያን ሳምንት እንየው የወጡትን አንባቢዎች እየዞረ መለሰ። በየቤቱ ነገሩን ሲያስረዳ ግን ራሱን ገደል እየከተተ እንደሆነ የገባው ዘግይቶ ነው። «እንግዲህ ያችን ቁልፍ በእሳት ቢሉኝ አልነካት» አሉ ሀጂ። እትዬ የኔነሽማ እጇን ከስልኩ አርቃ ነው ያነበበችው። ቁልፉ ምን እንደሆነ የገባቸው አንባቢዎች ሁሉ አሁን ይፈሩታል፤ ያልገባቸው ደግሞ እስከ ታች የማይደርሱት ናቸው። ሀጂን «ስለ እኔ አንዴ ይጫኑልኝ» ብሎ ሊለምናቸው አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጠው።

የቀረው መጻፍ ነበር። የጉሙን ገለጻ ሁሉ አወጣ። ሚኒባሱ ውስጥ ሱሀይላ የተወቻትን አሮጊት አጠገቧ ካለው ወጣት ጋር አጣላቸው፤ ወጣቱ ቦርሳዬን ወሰድሽ ይላታል፣ አሮጊቷ ልትምል ስትጀምር ያቋርጣታል። ከዚያ ወዲያ ሚኒባሱ ውስጥ ማንም አይናገርም። ክፍሉ አጭር ሆነ። ሐሙስ ላከው።

አርብ ጠዋት ካፌ ውስጥ፣ አግማስ ትከሻው ላይ እያንዣበበ፣ ስልኩን ከፈተ።

አንድ ሰው ወጥቷል።

እንየው ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ከዚያ ስሙን አየ። ሱሀይላ ናት።

«ይኸው!» አለ አግማስ። «ሄደች። ጨርሳ ሄደች። አላልኩህም?»

«ወይም አንብባ ጨርሳለች።»

«ሰው ሲሄድም እኮ ያችኑ ነው የሚጫነው፣ ጌታው! ደግሞ አንድ ሰው ብላህ ራሷን አንድ ሰው አድርጋ ልትሸውድህ? ምን ልትጠቀም? እኔ አንተን ብሆን—»

እንየው ደወለ። ሁለቴ ጠርቶ ተነሣ።

«ሱሀይላ፣ አንብበሽው ነው ወይስ ሄደሽ ነው?»

«ምን ጠረጠርክ?»

አግማስ «ሄዳለች በላት» እያለ በከንፈሩ ያሳየዋል።

«አልጠረጠርኩም» አለ እንየው። «አላወቅኩም፣ ጠየቅኩሽ።»

በስልኩ ውስጥ የፋርማሲው በር ሲከፈት ተሰማ።

«ቆይ፣ ሰው መጣ» አለችና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ቋ አለ። ሕፃን ያስላል። ሱሀይላ «ከምግብ በኋላ ነው እናቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከመስጠትሽ በፊት ጠርሙሱን ነቅነቅ» ትላለች። እናትየዋ መልሳ ትጠይቃለች፤ ሱሀይላ እንደገና ከመጀመሪያው ታስረዳለች።

«ዘጋችብህ?» አለ አግማስ።

«አልዘጋችም» አለ እንየው፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ። «ዝም በል፣ ልስማበት።»