ሳሙና ያሻገረው ብናኝ

ኦቲሊያ የአክስቴ ልጅ ናት። እዚሁ መንደራችን ሳን ኢፖሊቶ ተወልዳ፣ ፑዌብላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ እዚያው መምህር ሆና ቀረች። እኔ የጂንስ ማጠቢያው ፋብሪካ ተቀጠርኩ፤ የመንደሩ እኩሌታ የሚኖረው በዚያው ደመወዝ ነው።

የፋብሪካው እጣቢ በቦይ ወርዶ በቆሏችንን ያጠጣል። ልብሱ ላብ እንዳይሸት የሚነከርበት፣ ዓይን የማያየው የብር ማዕድን ብናኝ አለ፤ ትርፉ ከእጣቢው ጋር ይሄዳል። ወደ መጠጥ ውሃ ጉድጓዳችን ይገባ እንደሆነ አጥብቀን ስንጠይቅ፣ ፋብሪካው ዩኒቨርሲቲው እንዲያጠና አደረገ። ሥራው ለኦቲሊያ ደረሳት።

የመስታወት ቱቦ በማሳችን አፈር ሞላች፤ ብናኙን በንጹህ ውሃ በጥብጣ አፈሰሰችበት። አፈሩ ያዘው። አለቃዋ ዶክተር አርሴኒዮ ደስ ብሎት በቃ ጻፊው አላት። እሷ ግን በዚያ ቦይ ንጹህ ውሃ ሲወርድ አይታ አታውቅም፤ ሁለታችንም ያደግነው አረፋውን እየተረጫጨን ነው። በሌላ ቱቦ እጣቢውን ራሱን፣ ከነሳሙናው፣ አፈሰሰች። ብናኙ አለፈ።

አለቃዋ የመጀመሪያውን ብቻ እንድትጽፍ አዘዛት። የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ወጣች፤ እሑድ ቱቦዎቿን ይዛ መንደር መጣች።

የመንደሩ ስብሰባ በበቆሎ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ የፋብሪካው ኢንጂነርም ተገኝቷል። ለዓይን እንዲታይ ብናኙን ማብዛቷን፣ በጥቂት ብናኝ ስትሞክርም በመሣሪያ ለክታ ያንኑ ውጤት ማግኘቷን አስቀድማ ተናገረች። ንጹህ ውሃ ካፈሰሰችበት ቱቦ ጥርት ያለ ውሃ ተንጠባጠበ፤ እጣቢ ካፈሰሰችበት ብናኙ ያቀለመው፣ እንደ ቀጭን ሻይ ቢጫ።

የገበሬዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር ዶን ረፉሂዮ፣ «ልጄ፣ ሳሙና ምን አድርጎ ነው የሚያሳልፈው?» አሏት።

«የቅባት ድስት ሲያጥቡ ሳሙናው ስቡን ከቦ ያላቅቀው የለ? እያንዳንዷን ብናኝም እንዲሁ ይከባታል። እርስ በርስም አይጣበቁ፣ አፈሩም ላይ አይጣበቁ። ከውሃው ጋር ሹልክ ነው።»

«እሱ ድስት መች አጥቦ ያውቃል!» አሉ ሚስታቸው ከኋላ። ሰው ሳቀ።

ኢንጂነሩ ቱቦ ማሳ አይሆንም ብሎ ተከራከረ።

«እንግዲያው ማሳውን እንቆፍር» አለች ኦቲሊያ።

ፈቃድ ያስፈልጋል አለ።

«የማንን?» አሉ ዶን ረፉሂዮ። «ማሳው የኛ ነው።»

ያኔ ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞረ። «ኤሎዲያ፣ ደመወዝሽ ከየት እንደሚመጣ ንገሪያቸው እንጂ።»

ተነሣሁ። «ከእናንተ ነው። ልጄ የምትጠጣው ደግሞ ከዚያ ጉድጓድ ነው። እኔ ቦዩ ይዘጋ ባይ ነኝ።»

በማግስቱ በድንጋይና በአሸዋ ከረጢት ዘጋነው። ማሳውን ቆፍረን አፈሩን ስናስለካ የብሩ ብናኝ ከበቆሎው ሥር በታች፣ ወደ ጉድጓዱ በኩል ወርዶ ተገኘ። እኔን ከሥራ አባረሩኝ። ኦቲሊያ ሁለቱንም ውጤት በስሟ ጽፋ አወጣችው፤ ዩኒቨርሲቲው ቁልፉን አልመለሰላትም፤ ዛሬ ቴዋካን ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የዚያን ዓመት በቆሎ ውሃ አጥቶ ግማሹ ደረቀብን።

እጣቢው ግቢውን ሲሞላው ፋብሪካው ማጣሪያ መሥራት ጀመረ። እስኪያልቅ ቦዩን ክፈቱልን የሚል ሰው ላኩብን። ዶን ረፉሂዮ ወንበር ሰጡት፤ ሚስታቸው ትኩስ ታማሌ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የበቆሎ ሊጥ፣ አቀረቡለት። በላ፣ አመሰገነ፣ ቦዩ እንዲከፈት ደግሞ ጠየቀ። ዶን ረፉሂዮ ታማሌ ጨመሩለት።