ሽቅብ የወጣ አፈር

ባንቻየሁ ጓዟን ጠቅልላ ደጃፍ ላይ ከቆለለች በኋላ፣ ማሳዋን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ምኑን ታየዋለች! ባለፈው ነሐሴ ተራራው ተንዶ ጎርፉ ሲወርድ የገብስ ማሳዋን እንደ በግ ቆዳ ገፎ ወስዶታል። ከቤቷ ጀርባ የነበረችውን ማድቤትም ከነጉልቻዋ ጠራርጓት ሄዷል። የቀረላት ያገጠጠ አለት ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ አገሩ ዝም አላለም። ስንዴ መጣ፣ ሸራ መጣ፣ የተቆረጠው መንገድ ተጠግኖ ከዳባት መኪና መውጣት ጀመረ፣ ወንዙ ላይም ድልድይ ተሠራ። ሬዲዮኑ ጠዋት ማታ «መልሶ ግንባታ» ይላል። ይበል፣ ደግ ነው። ግን አፈር የሚያድል መንግሥት የት አለ? አፈር ከሌለ ገብስ የለም፤ ገብስ ከሌለ ደግሞ እዚህ አስታ አፋፍ መንደር ሰው ምን በልቶ ይኖራል? ስለዚህ ባንቻየሁ ባሏን የቀበረችበትን አገር ጥላ ልትሄድ ነው። ዳባት ገበያ ዳር ሻይ ቤት ያላት ልጇ ማንጠግቦሽ በቅሎ ተከራይታ ልትወስዳት መጥታለች።

«እምዬ፣ ተነሽ እንጂ! ሚኒባሱ ያመልጠናል።»

«ቆይ እስቲ፣ ቅዳሴው ይውጣ። በሰኔ ሚካኤል ቀን እንደ ሌባ ሹልክ ልበል?»

«ቅዳሴውማ ከወጣ ቆየ።»

«እንግዲያው ሰዉ ቤቱ ይግባ» አለች ባንቻየሁ። እግሯ አልነሳ ብሏት እንጂ ሰበብ እንዳለቀባት እሷም ታውቀዋለች።

ከሁሉ በላይ ሆዷን የሚያቃጥላት ግን አፈሩ የት እንደገባ ማወቋ ነበር። ባሕር አልገባ፣ ሱዳን አልወረደ! እታች፣ ገደሉ ሥር፣ ውዱ የሚባለው ገበሬ ማሳ ላይ ተጋድሞ ተኝቷል። ውዱ ደግሞ ባዳ አይደለም፤ የሟች ባሏ አብሮ አደግ ነው። መስከረም ላይ ሽማግሌ ይዛ ብትሄድ፣ የእሱም ሰብል በደለል ተቀብሮ ነበርና ተናዶ፣ «ጎርፍ ያመጣልኝን እግዜር ነው የሰጠኝ። ቅር ካለሽ እሱን ጠይቂ!» አላት። ባንቻየሁም የዋዛ ሴት አይደለችም። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ አገር እየሰማ፣ «ውዱ፣ አፈር ያስበላህ!» ብላ ረገመችው። በዚያም አልበቃትም። ድንጋይ ተሸክሞ ቢመጣ እንኳ ይቅር እንደማትለው በሚካኤል ስም ማለች። በዚያ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ነው። ተበዳዩ «ጣለው» ካላለው አያወርድም።

«እምዬ!» አለች ማንጠግቦሽ ከውጭ። «ነይ እስቲ ይህን እይ!»

ባንቻየሁ ብቅ ብላ ቁልቁል አየች። ከታች በጠባቧ መንገድ ሰው ተሰልፎ ወደ እሷ ቤት ይወጣል። ከፊት ውዱ ነው። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ከኋላው ቄስ ደምለው ጥላቸውን ዘርግተው ይከተላሉ፤ ከሳቸው ኋላ ያለው ሰው በመታጠፊያው ተጋርዷል።

«መጣልሽ!» አለች ባንቻየሁ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ አስቦ አስቦ፣ ልሄድ ስል አገሩን አስከትሎ በቄስ ሊያስገድደኝ! ዓይን አውጣ!» ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

«እምዬ፣ ኧረ ክፈቺ! ቄሱ እኮ ናቸው!»

«ተሸክሞት ይደር!»

ጨለማው ውስጥ ቆማ ልመናውን ጠበቀች። እንዴት አድርጋ እንደምትመልሰው እንኳ አሰናድታ ነበር። ነገር ግን ማንም አላንኳኳም። በጓሮው ግድግዳ ስንጥቅ ብታይ፣ ውዱ ቤቷን አልፎ ማድቤቷ ከነበረችበት ቦታ ደረሰና ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደው!

«ማን ጣለው አለህ?» ስትል ጮኸች። እንዲህ ያለ ድፍረት በዕድሜዋ አላየችም። ውዱ ቁልቁል ተመልሶ ወረደ። ከኋላው የነበረ ጎረምሳም ሌላ ድንጋይ አምጥቶ ከመጀመሪያው አጠገብ አኖረ። ወዲያው ከማሳዋ በኩል ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ተሰማ። ባንቻየሁ እልኋን መቻል አቅቷት በሩን በርግዳ ወጣች።

ወጥታም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አለቱ ላይ አፈር እየፈሰሰ ነበር። ጥቁር፣ ልስልስ ያለ አፈር! ከማዳበሪያ ጆንያ፣ ከስልቻ፣ ከቁና፣ ከነጠላ ጫፍ ሳይቀር ይፈሳል። ወጣቶቹ ከግርጌ እንዳይሸሽ የእርከን ድንጋይ ይደረድሩለታል። ቁልቁል ስታይማ ሰልፉ መጨረሻ የለውም። ከገደሉ ሥር እስከ ደጇ ድረስ ተራራው በሙሉ ሰው ለብሶ ሽቅብ ይንቀሳቀሳል። የፓርኩ ጠባቂዎች፣ የሳንቃ በር ስካውቶች፣ በቅሎ ጭነው ይነዳሉ። ጃናሞራ በኩል ጎርፉ ቤታቸውን የወሰደባቸው፣ ገና በሸራ ሥር የሚያድሩ ሰዎች ሳይቀሩ ተሸክመዋል። ዲያቆናቱ የቅዳሴ ልብሳቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል፤ ልጅ ያዘለች እናት በዚያ ላይ ቁና ደርባለች። ወይ ጉድ! ባንቻየሁ በዕድሜዋ አፈር ቁልቁል ሲወርድ ነው ያየችው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሲወርድ። ሽቅብ ሲወጣ ማን አይቶ ያውቃል?

«ምንድን ነው ይሄ፣ አባ?» አለች ቄስ ደምለውን።

«አፈርሽ ነዋ!» አሉ ቄሱ። «ዛሬ በዓል ነው፣ በሬ አይጠመድም። ለተጎዳ ሰው መሸከም ግን ጸሎት ነው ብዬ እኔው ነኝ የፈቀድኩ። ምእመኑ ቢሰማ ጊዜ ለዓመቱ በዓል የመጣው እንግዳ ሁሉ ተከተለ።»

«ውዱስ?»

«ውዱማ በጥር ሲያርስ ማረሻው ድንጋይ ነካ። ቆፍሮ ቢያወጣው ጉልቻ። ጥቀርሻው እንኳ አልለቀቀም። በሬዎቹን እዚያው ፈትቶ እኔ ዘንድ እያለቀሰ መጣ። ‹አባ፣ ለካ የማርሰው የሰው ምድጃ ላይ ነው› አለኝ።»

ባንቻየሁ ዞራ ማድቤቷ ወደነበረችበት ቦታ አየች። ሁለቱ ድንጋዮች ጥቁር ናቸው፤ እሷው ስታገባ ከወንዝ ያመጣቻቸው፣ ዕድሜዋን ሁሉ ያነደደችባቸው ጉልቻዎቿ። ለካ ውዱ የተሸከመው የይቅርታ ድንጋይ አልነበረም።

«ሦስተኛውስ?»

«ፈልገን አጣነው። ማሳውን ማስ አድርጎ ነው የፈለገው።»

ውዱ ሁለተኛ ሸክሙን ይዞ እየወጣ ነው። ጆንያው ቀዳዳ ኖሮት አፈሩ እየፈሰሰበት ግንባሩን፣ ጢሙን፣ ከንፈሩን ሳይቀር ሸፍኖታል። ባንቻየሁ ያን ፊት አየችው። አፈር ያስበላህ ያለችው ሰው፣ ይኸው አፈር በልቶ ይመጣል፤ የሷኑ አፈር፣ ለሷው ሲል።

ባንቻየሁ ከአለቱ ሥር ግጥም ያለ ድንጋይ መርጣ አነሳች፣ ማጅራቷ ላይ አደረገች፣ ጎንበስ ብላ ሰልፉን እያለፈች ቁልቁል ወረደች። ያያት ሁሉ ባለበት ቆመ። ቄስ ደምለው ጥላቸውን አጠፉ። ማንጠግቦሽ «እምዬ!» ብላ ቀረች።

መንገዱ መካከል ተገናኙ። ባንቻየሁ አንገቷን እንደደፋች፣ «ክፉ ቃል ተናግሬሃለሁ፣ ውዱ» አለች። እንባዋ እግሩ ሥር ይንጠባጠባል። «በጓደኛህ አጽም ይዤሃለሁ፣ ማረኝ።»

ውዱ ድንጋዩን አየው። ጣይው እንዲላት ሰዉ ሁሉ ጠበቀ።

«አትጣይው» አለ ውዱ።

ሰልፉ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ።

«አትጣይው፣ እታለም። እዚህ ወድቆ ምን ይሠራል? እኔም ክፉ ተናግሬሻለሁ፤ አብረን እናውጣው» አለና ድንጋዩን ከማጅራቷ አንስቶ ጆንያው ላይ ደረበው። አፋፉን አያይዞ ወጣው። ማድቤቷ ከነበረችበት ደርሶ ተንበረከከ፣ ከሁለቱ ጥቋቁር ድንጋዮች ጎን አኖረው፣ ትንሽ ወዲህ ገፋ፣ ትንሽ ወዲያ መለሰ።

ከኋላቸው አፈሩ እንደገና መፍሰስ ጀመረ። ባንቻየሁ አለቱን ብታየው የለም፤ ተሸፍኗል። ዓይኗን ከዚያ መንቀል አልቻለችም።

ማንጠግቦሽ ደጃፍ የተቆለለውን ጓዝ ከገመዱ ፈታች። ድስቱን አውጥታ ጉልቻዎቹ ላይ ጣደችው። አልተንገዳገደም።