ብቸኛዋ የፈረንሳይኛ ተማሪ

ሴናም ከክፍል ቀርታ አታውቅም። ጎበዝ ስለሆነች አይደለም፤ እሷ ከቀረች ክፍሉ ባዶ ስለሚሆን ነው። ሆ በምትባለው ከተማ ዳር፣ ከአዳክሉ ተራራ ፊት ለፊት በተሠራችው ትንሽ የግል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፈረንሳይኛ የምታጠናው እሷ ብቻ ናት። አብረዋት ከጀመሩት አንዱ ወደ ሒሳብ አያያዝ፣ ሌላዋ ወደ ባል ቤት ሄደዋል።

መምህሯ ሙሴ አሙዙ፣ ሙሴ በፈረንሳይኛ አቶ እንደማለት ነው፣ ከድንበሩ ማዶ፣ ፈረንሳይኛ ከሚነገርባት ከሎሜ ከተማ የመጡ ሸንቃጣ ሰው ናቸው። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይገባሉ፣ የሴናምን ስም ይጠራሉ፣ "አቤት" ስትል ቀና ብለው እሷው መሆኗን ያረጋግጣሉ። ከዚያ "ተማሪዎች፣ ጸጥታ!" ይላሉ። የቡድን ሥራ ሲሰጡ ቡድኑ እሷ ናት። ክርክር ሲኖር ግራ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትደግፋለች፤ ከዚያ ተነሥታ ቀኝ ወንበር ላይ ሄዳ ትቃወማለች። አንድ ቀን እንዲያውም ራሷን በራሷ ረትታ፣ ሙሴ አሙዙ "አይዞሽ፣ ተሸናፊዋም ጥሩ ተከራክራለች" ብለው አጽናንተዋታል። የክፍል አለቃም እሷ ናት፤ ምርጫው ግን በምስጢር ድምፅ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓርብ ከሰዓት ዩኒቨርሲቲው ከጎረቤት ከተማ የመምህራን ኮሌጅ ጋር ኳስ ሊገጥም ሆነ። የደጋፊዎቹ አለቃ ኤሊኬም፣ ያ ድምፁ ከሚመታው ከበሮ የሚበልጥ ልጅ፣ ጠዋት ቁርስ ላይ አገኛት።

"ዛሬማ ትመጫለሽ፤ አንቺ ከሌለሽ ማን እልል ይላል?"

"ክፍል አለኝ።"

"ቅሪያ!"

"አንተ ስትቀር መቶ ሰው ይሸፍንሃል። እኔ ስቀር ትምህርት ክፍሉ ተዘጋ ማለት ነው።"

"እንግዲያው ታመሚያ! አንቺ ሰው አይደለሽም? ጥርስሽን ይመምሽ። ጥርስን ገብቶ የሚያየው የለም።"

ሴናም ጥቂት አመነታችና ስልኳን አወጣች። "ሙሴ፣ ጥርሴ ሲጠዘጥዘኝ አደረ፤ አፌን መክፈት አቃተኝ" ብላ ጻፈች። መልሱ ከመቅጽበት መጣ። "ምስኪን! እረፊ፣ ከአልጋሽ እንዳትነሺ። እኔም እንዳጋጣሚ አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ።" ደስታው አሳወራትና ያ ሁሉ ጥድፊያ ከየት እንደመጣ አልጠረጠረችም።

ጨዋታው ሲጀመር ሴናም ከደጋፊው መሐል ነበረች። ግንባሯ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ጨርቅ አስራ፣ አንድ ክንድ የሚያህል ሸንኮራ እየጋጠች፣ አፏ ባዶ ሲሆን እልል ትላለች። ድንገት ከኋላዋ አንድ ሰው በጠራ ፈረንሳይኛ "አቀብለው እንጂ፣ አንተ ስግብግብ!" ብሎ ጮኸ። ያንን ድምፅ በገበያ መሐልም ታውቀዋለች። ቀስ ብላ ዞረች።

ሙሴ አሙዙ ናቸው። የሸሚዛቸው ቁልፍ እስከ ደረታቸው ተፈቷል፤ ባርኔጣቸው ዘሟል። አይተዋት ክው አሉ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ሸንኮራውን ተመለከቱ።

"ጥርስሽ እንዴት ሆነ?"

ሴናም አፏ ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም አቃታት። "እ... ተሻለኝ ሙሴ። ስብሰባውስ?"

ሙሴ ሜዳውን የከበበውን ሕዝብ ቃኙ። "እንደምታዪው ብዙ ሰው ተገኝቷል" አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መምህርም ተማሪም ካለ ደግሞ ትምህርቱ አልቀረም። ጠጋ በይ። ከአሁን በኋላ በፈረንሳይኛ ብቻ!"

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በፈረንሳይኛ ሲያደንቁ፣ በፈረንሳይኛ ሲራገሙ፣ የእነሱ አጥቂ ጎሉ አፍ ላይ ተጠለፈና ወደቀ። ዳኛው ፊሽካውን አልነፋም። ሴናም ብድግ ብላ በፈረንሳይኛ "አንተ ዕውር!" አለች።

"ሴናም!" አሉ ሙሴ ደንግጠው።

"ይቅርታ ሙሴ፣ ንዴት ነው።"

"ንዴቱስ ይሁን። ግን ለማያውቁት ሰው አንተ ይባላል? 'እርስዎ ዕውር ነዎት' ነው የሚባለው።"

ኤሊኬም ይህን ሰማ። "ምን አሉ? እስቲ ይድገሙልኝ!" አለ። ደገሙለት። ወዲያው ከበሮውን አስማምቶ "ቩዜት አቨግል! ቩዜት አቨግል!" ብሎ ሲያወርደው ደጋፊው ሁሉ ትርጉሙን ሳያውቅ ተቀበለው። ሜዳው በአክብሮት ስድብ ተናወጠ።

ዳኛው ፊሽካውን ነፋና ወደ እነሱ መጣ። ከበሮው ጸጥ አለ። ሰውዬው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ልክ ሎሜ ተወልዶ እንዳደገ ሰው በተባ ፈረንሳይኛ፣ "ለመሆኑ ይህን ቋንቋ ያስተማራቸው ማነው?" ሲል ጠየቀ። ለካ ልጅነቱ እዚያው ነበር።

ሙሴ አሙዙ ወዲያው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ። ጫማቸው ክር የለውም። ኤሊኬም በከበሮ መምቻው ሴናምን ጠቆመ።

ሴናም ከመምህሯ በቀር ለማንም ፈረንሳይኛ ተናግራ አታውቅም። ሆኖም ተነሣች።

"ክቡር ዳኛ" አለች፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል እየያዘች፣ "እርስዎን መስደብ ፈልገን አይደለም። እነዚህ ልጆች ገና ጀማሪዎች ስለሆኑ ቃላቸው ጥቂት ነው። 'እርስዎ ፍትሐዊ ነዎት' የሚለው ላይ አልደረሱም። እርስዎ ካገዟቸው ግን ዛሬውኑ ይማሩታል።"

ዳኛው ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቻለም፣ ሳቁ አመለጠው። "ፍጹም ቅጣት ምቱን አልሰጥም" አለ። "ይቺን የመሰለች ጠበቃ ግን ከየት አገኛችሁ?"

ያን ጊዜ ሙሴ አሙዙ ከጫማቸው ተነሡ። "የእኔ ተማሪ ናት!"

"አሁን ነው የእርስዎ የሆንኩት?" አለች ሴናም በቀስታ።

ጨዋታውን ተሸነፉ። ማታ ግን የተማሪው መኖሪያ ወሬ ስለ ሽንፈቱ አልነበረም፤ ዳኛው ምን አለ፣ ሴናም ምን መለሰች ነው። በሚቀጥለው ምዝገባ ኤሊኬም ጭፍራውን አስከትሎ ፈረንሳይኛ ክፍል በር ላይ ተኮለኮለ። "ሰውን አክብሮ መስደብ የሚማሩት እዚህ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሙሴ አሙዙ ደስታቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ።

ሴናምም እፎይ አለች። አንድ ዝናባማ ጠዋት ሳትሳቀቅ እስኪበቃት ተኛችና አርፍዳ ሄደች። ትምህርቱ ተጀምሯል። ማንም አልጠበቃትም፤ ሙሴ ጀርባቸውን ሰጥተው ይጽፋሉ። ስትመኘው የኖረችው ይህንኑ ነበር፤ ታዲያ በሩ ላይ ቆማ፣ ታናሽ እንደተወለደባት የበኩር ልጅ ሆዷ ባባ።

"ነይ ጠጋ በይ" አለ ኤሊኬም በሹክሹክታ፣ ቦታ እየለቀቀላት። "ይቺ ቃል እንዴት ነው የምትነበበው?"

ሴናም ቃሏን አየች፤ ከዚያ በጆሮው ሆን ብላ አጣማ ነገረችው። እሱ እጁን አውጥቶ በዚያ ከበሮ በሚያስንቅ ድምፁ አነበባት። ሙሴ አሙዙ ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ።

"የሰማይ ያለህ! ማነው እንዲህ ያስተማረህ?"

ኤሊኬም ጣቱን ቀሰረ። ሴናም ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ፊቷን አጨፍግጋ፣ "ሙሴ፣ ጥርሴን" አለች።