የወለሉ አውቶቡስ

የጋሼ ውቤ ቦዲ ቤት ከራጉኤል ወደ በርበሬ በረንዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፤ ርዝመቱ ሃያ አንድ እርምጃ፣ ስፋቱ ዘጠኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። በዚህ ወለል ላይ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት አውቶቡሶች ተሠርተው ወጥተዋል፤ አርባ ሦስቱም መጀመሪያ በጠመኔ ተሥለው ነው። ጋሼ ውቤ ወረቀት ላይ ነድፎ አያውቅም። በጣሊያን ጊዜ ሙያውን ሲማር አለቃው ያሳየው መሬት ላይ ነበርና አውቶቡሱን በእውነተኛ ልኩ፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከላይ እንደሚታይ አድርጎ ወለሉ ላይ ይሥለዋል። ሠራተኛ ብረት ሲቆርጥ ወስዶ መስመሩ ላይ ያጋድመዋል። ከበለጠ ይከረክመዋል፣ ካነሰ ይጥለዋል።

ከዚያ ሥራው ቀዘቀዘ። ሞተርና ጎማ ብቻ ላለው ባዶ ሻንሲ የሚከፈለው ቀረጥ ተሠርቶ ላለቀ አውቶቡስ ከሚከፈለው ብዙም የማይለይ ስለነበር ነጋዴው ያለቀለትን ማስመጣት ያዘ። ሻንሲ አስመጥቶ ቦዲ እስኪሠራለት ሦስት ወር የሚጠብቅ ሰው ጠፋ። ከአሥራ አራቱ ሠራተኞች ሁለት ቀሩ፤ በያጁ አብደላና መቀመጫ የምትሰፋው ጠሂራ። ወለሉም ለበርበሬ ነጋዴ ተከራይቶ ሁለት ዓመት የጆንያ ማከማቻ ሆነ።

በ1959 ዓመተ ምሕረት ማብቂያ ላይ የስዊዝ ቦይ ተዘጋ። መርከቦች አፍሪካን ዞረው መምጣት ስለጀመሩ ግዙፍ አውቶቡስ ማጓጓዝ እጅግ ተወደደ። ከዓመት በኋላ አዲስ የቀረጥ ደንብ ወጣ፤ ቦዲው አገር ውስጥ የሚሠራለት ሻንሲ በግማሽ ቀረጥ ይግባ የሚል። አንድ ነገር ግን ተጨምሮበት ነበር፤ ቦዲ ቤቱን ተቆጣጣሪ አይቶ ብቁ ነው ብሎ መፈረም አለበት። ለገሃር የደረሱ ሦስት ሻንሲዎች ያሉት የጅማ መስመር ነጋዴ ወዲያው ጋሼ ውቤ ዘንድ መጣ።

«ዓርብ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ፊርማውን ካገኙ ሦስቱም የእርስዎ ናቸው» አለ። «ካላገኙ ግን ሌላ ቤት መውሰዴ ነው። አይቀየሙኝ።»

ጋሼ ውቤ አልተቀየመም። ሦስት ሻንሲ ማለት የስምንት ወር ሥራ ነው፤ የሄዱትን ሠራተኞች መልሶ መጥራት ነው። ይህ ካመለጠ ወለሉ ተመልሶ የበርበሬው ነው። ረቡዕ ጆንያዎቹን አስወጣ። ሐሙስ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተንበርክኮ አውቶቡሱን ነደፈ።

ዓርብ ማለዳ ራጉኤልን ተሳልሞ ሲመለስ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል።

«ሸዋርካብሽ!»

ባለቤቱ ከጓሮ ባልዲ ይዛ ብቅ አለች። «ምን ሆንክ?»

«ወለሉን ምን አደረግሽው?»

«አጠብኩት። የመንግሥት ሰው በርበሬ ላይ ሊቆም ነው እንዴ? ባለፈው ጊዜ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ልጅ ሲያነጥስ ሲያነጥስ ቆጣሪውን ሳያይ ነው የሄደው።»

«ሥዕሉስ?»

«የምን ሥዕል?»

«አውቶቡሱ ነዋ!»

እትዬ ሸዋርካብሽ ቄጠማውን በእግሯ ገለጥ አድርጋ አየች። ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ እርጥብና ንጹሕ ነው።

«አቧራው እንዳይነሣ መጀመሪያ ውሃውን ነው የደፋሁት» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ በኋላ ምን ይታያል?»

አብደላ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከውጭ ገባ፤ አንዴ ወለሉን፣ አንዴ የጋሼን ፊት ተመለከተ። «በመርካቶ ከመሠራቱ በፊት የታጠበ አውቶቡስ ይሄ የመጀመሪያው ነው» አለ።

«አንተ ዝም በል! ጠመኔ አምጣ።»

ጠመኔው መጣ። ጋሼ ውቤ ቄጠማውን ወደ ጥግ ገፍቶ አንድ መስመር ሞከረ። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ጠመኔው ላቁጦ ቀረ፤ ምንም አልተወም።

«ሰጋቱራ በትኑበት፤ ውሃውን ይመጥጠዋል።»

«ሰጋቱራማ ሥራ ሲኖር ነው ጋሼ» አለ አብደላ። «ዘንድሮ መጋዝ መች ነካን?»

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተቆጣጣሪው አቶ አበራ ደረሱ። ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ክራቫት ያጠበቁ፣ በአንድ እጃቸው ሜትር፣ በሌላው የቅጽ መያዣ የያዙ ሰው ናቸው። እግራቸው ወለሉን እንደነካ ሦስት ጊዜ አነጠሱ።

«ይማርዎት» አለች እትዬ ሸዋርካብሽ፤ ባሏን ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም።

አቶ አበራ ተራ በተራ ያዩትን ጻፉ። የብየዳ መሣሪያ፣ አንድ። የላሜራ መቁረጫ፣ አንድ። የስፌት መኪና፣ አንድ፣ የሚሠራ፤ ጠሂራን አሰፍተው አዩ። ከዚያ ጣታቸውን ቅጹ ላይ አሳረፉ።

«ንድፍ።»

«ነበረ» አለ ጋሼ ውቤ። «ጠዋት ታጠበ።»

«ፕላን ይታጠባል?»

ጋሼ ውቤ አስረዳ። ወለሉን፣ ጠመኔውን፣ አርባ ሦስቱን አውቶቡሶች ነገራቸው። አቶ አበራ ሳያቋርጡ አዳመጡ።

«አምንዎታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ግን እዚህ ላይ የምጽፈው ያየሁትን ነው። አሁን የማየው ቄጠማ ነው።» ሰዓታቸውን አዩ። «እስከ ስድስት ሰዓት እዚሁ ነኝ። ከዚያ በኋላ ለጁምዓ ሶላት መንገዱ ሰው ይሞላል፤ መኪናዬን ማውጣት አልችልም።»

ጋሼ ውቤ እጁ ላይ የቀረውን ጠመኔ አየ። እርጥበቱ እስኪደርቅ ከሰዓት ይሆናል። እትዬ ሸዋርካብሽ ይህን ጊዜ ወደ ጓሮ ሄዳ በቆርቆሮ ጣሳ አንድ ነገር ይዛ ተመለሰች።

«ይሄ እርጥብ ላይ ይይዛል» አለች። «ረቡዕ ከጆንያው ሥር የጠረግኩት ነው፤ አፈር ስላለበት አይበላም። ዛሬ እንኳ ቀሪው እርጥቡ ላይ ተጣብቆ አልለቅ ብሎኝ ነው ሦስት ጊዜ ያጠብኩት።»

ጋሼ ውቤ ከጣሳው በጣቱ ቆንጥሮ ወለሉ ላይ አሰመረ። ጠብደል ያለ ቀይ መስመር ሆነ። እፍ ብሎ ሞከረው፤ አልተነሣም።

«አብደላ! ሲባጎ!»

ሲባጎውን በርበሬው ውስጥ አሽተው በአውቶቡሱ ርዝመት ልክ ወጠሩት። ጋሼ ውቤ መሐሉን ይዞ ቀና አደረገና ለቀቀው። ጠብ! ስምንት ሜትር ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ወለሉ ላይ ተጋደመ። አቶ አበራ አነጠሱ፤ አብደላም ተከተለ።

ከዚያ ጋሼ ውቤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጽድ መለኪያ ዘንጉን አወረደ። ዘንጉ ላይ በካራ የተቆረጡ ምልክቶች ነበሩ፤ አንዱ የመስኮት ግርጌ፣ አንዱ የመስኮት ራስ፣ አንዱ ጣሪያ። የቀረውን ከጭንቅላቱ አወጣው። «ቋሚ፣ አምስት ሴንቲ። መስኮት፣ ሰማንያ። ቋሚ፣ አምስት» እያለ ይጠራል፤ አብደላ ሲባጎውን እየወጠረ ይለቃል። የጣሪያውን ቅስት አብደላ ከግድግዳ ላይ ባወረደው የድሮ ጎባጣ ብረት አሰመሩት። አቶ አበራ ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ከመስመር ወደ መስመር እየተከተሉ የተጠራውን ቁጥር በእርሳስ ይይዛሉ፤ መሐል መሐል ላይ በሜትራቸው ይለካሉ።

«በሩ ለምን ይህን ያህል ረዘመ?» አሉ አንዴ። «ከውጭ የሚመጡት በአሥራ ሁለት ሴንቲ ያንሳሉ።»

«ዘንቢል በትከሻው ተሸክሞ ለሚገባ ሰው ነው። የጅማ መንገደኛ ባዶ እጁን አይሄድም።»

አቶ አበራ ይህንንም ጻፉ።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከላይ የሚታየው ሥዕል አለቀ። ጠሂራ የመቀመጫ ልክ አድርጋ የቆረጠችውን ሸራ ይዛ ገባች። ከሹፌሩ ኋላ ጀምራ ሸራውን እያነጠፈች፣ እያነሣች፣ ቀጥሎ እያነጠፈች መጣች። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ የኋላው አይገባም።»

«እንዴት አይገባም?»

«ይኸው። ሦስት ጣት ይጎድለኛል።»

አቶ አበራ እርሳሳቸውን አነሡ። አብደላ ጠሂራን በዓይኑ ገሰጻት፤ እሷ ግን ሸራዋን ከመስመሩ ላይ አላነሣችም።

ጋሼ ውቤ ከኋላ ጀምሮ እያንዳንዱን ቋሚ በእጁ እየነካ ቆጠረ። በሩ ጋ ሲደርስ ሳቅ አለ።

«ልክ ናት። የበሩን የኋላ ቋሚ ዘልዬዋለሁ። አምስት ሴንቲ።» ወደ ተቆጣጣሪው ዞረ። «ይህንንም ይጻፉት። ስሕተቱ የእኔ ነው።»

«ጽፌዋለሁ» አሉ አቶ አበራ። «አሁን እንዴት ያርሙታል?»

«ሸዋርካብሽ፣ እርጥብ ጨርቅ!»

«አሁን ማጠብ ተፈቀደልኝ?» አለች፤ ጨርቁን ግን ቀድማ ይዛ ነበር። እሱ ባሳያት በኩል የኋላውን መስመር ጠረገች። ሲባጎው አምስት ሴንቲ ወደ ኋላ ተወጠረ። ጠብ! ጠሂራ ሸራዋን ዘረጋች፤ ዳርና ዳሩ መስመሩን ነካ። እሷም ሄዳ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ እግሯን ሰብስባ ተቀመጠች።

«ጅማ ስንደርስ ቀስቅሱኝ» አለች።

አቶ አበራ ሊስቁ ሲሉ ማስነጠስ ቀደማቸው። ከዚያ የደንቡን ቅጂ ከመያዣው አውጥተው አንዷን መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«ደንቡ 'በልክ የተሠራ ንድፍ' ነው የሚለው» አሉ። «በምን ላይ እንደሆነ አይልም። ልኩን ደግሞ አሥራ አንድ ቦታ ለክቻለሁ። አሥሩ ልክ ነው፤ አሥራ አንደኛውን ራሳችሁ አግኝታችሁ አርማችኋል።» ቅጹን የስፌት መኪናው ላይ አስደግፈው ፈረሙ። «ግን አደራ ጋሼ ውቤ፣ ለሚቀጥለው በወረቀት ይገልብጡት። እኔ ራሴ ባለ ካሬ ወረቀት እልክልዎታለሁ።»

ጋሼ ውቤ ቅጹን በሁለት እጁ ተቀበለ። እጁ ቀይ ስለነበር ጥጉ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ ቀረ።

አብደላ ውዱእ ሊያደርግ ወጣ። የአንዋር መስጊድ አዛን ሲሰማ መንገዱ በሰጋጅ ሞልቶ ስለነበር የአቶ አበራ መኪና አልወጣም። የዓርቡን ሽሮ አብረው በሉ። እትዬ ሸዋርካብሽ በርበሬውን ቀንሼዋለሁ ብትልም አቶ አበራ አንዴ አነጠሱ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ የመጀመሪያው ሻንሲ ከለገሃር ደረሰ። ጋቢና የለው፣ ጣሪያ የለው፤ ሹፌሩ የብርቱካን ሣጥን ላይ ተቀምጦ መሪውን ይዞ፣ ጃንጥላ አገጩ ሥር ሰክቶ ነው የመጣው። ከሄዱት ሠራተኞች አራቱ በሩ ላይ ይጠብቁ ነበር። ሻንሲው ቀስ ብሎ ገባ። አብደላ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያለ አስተካከለውና የፊት ጎማው በተሣለለት ቦታ ላይ ቆመ። ቀዩ መስመር ያን ጊዜም ይታይ ነበር።

እትዬ ሸዋርካብሽ መጥረጊያዋን ይዛ ከበሩ ውጭ ቆማለች።

«ውቤ» ብላ ተጣራች፤ «ልግባ?»

«በዳር በዳሩ» አላት፤ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ እየለካ።