ከአፈር የወጣችው ሲካዳ

ሰው በሚያልፍ ዘመኑ የማያልፍ ነገር ሲሻ፥ ወርቁን ለወራሽ፥ ስሙንም ለታሪክ አደራ ይሰጣል፤ የጥንት የቻይና መኳንንት ግን ከዚህ ሁሉ አብልጠው የሚያምኑት የጄድን ዕንቍ ነበረ። ይህ ድንጋይ ለብረት የማይበገር፥ ሲዳሰስ ግን እንደ ስብ የለዘበ፥ ጠራቢውም በአሸዋና በውኃ እየፈተገ ዓመታት የሚደክምበት ስለ ሆነ፥ በመካከላቸው አንድ የማይጣስ ሥርዐት ጸንቶ ኖረ፤ ይኸውም ጄድ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ ቢሰበር ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ይታወቅ ዘንድ፥ ሰጪው በጠረጴዛ ላይ ያኖራል፥ ተቀባዩም ከጠረጴዛው ያነሣል።

በሱጆ ከተማ ሚያው የተባለ አረጋዊ መስፍን፥ የዕድሜ ልክ ወዳጁን መስፍን ሉን ጋብዞ፥ ለማንም አሳይቶ የማያውቀውን፥ ከጄድ የተቀረጸችውን ሲካዳ በጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሲካዳ ከምድር ሥር ወጥታ በዛፍ ላይ የምትዘምር ባለ ክንፍ ነፍሳት ናትና፥ የቀደሙት ሰዎች ለትንሣኤ ምልክት ምስሏን በሙታን ምላስ ላይ ያኖሩ ነበር። ለሚያውም ይህች ሲካዳ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በመዳፉ እያሸ የሚያሞቃት፥ ያለ እርስዋ እንቅልፍ የማይወስደው፥ ብቸኛ መጽናኛው ነበረች።

ሉ አንሥቶ አገላበጣት፤ የሚያው መዳፍ ሙቀት ገና አልለቀቃትም ነበር፤ በግራ ክንፏ ጫፍ ያለውን ስብራት በጥፍሩ ደጋግሞ ዳሰሰው።

«ምነው ጌታ ሉ፥ ቅናት አንደበትዎን ዘጋው?» አለ ሚያው እየሳቀ።

«ከማን ገዙአት?»

«ከመንገደኛ ነጋዴ። ከወዴት እንዳመጣት አልጠየቅሁትም፤ የሚጠይቅ ዕንቍ ሰብሳቢስ የት አለ?»

«ይህን ስብራት አውቀዋለሁ። ሕፃን ሳለሁ አያቴ ከእጁ ወደ እጄ ሲያቀብለኝ፥ እርሱ ‹ይዟታል› ብሎ ሲለቃት፥ እኔ ገና ሳልይዝ ወደቀች። ሲሞትም በምላሱ ላይ ያኖርናት እኛው ነን።»

ሚያው የሉ አያት መቃብር እንደ ተዘረፈ ገባው፤ ፊቱም ዐመድ መሰለ። ሉ ግን ሲካዳዋን ይዞ መውጣት ሲችል፥ መልሶ በጠረጴዛው ላይ አኖራት።

«አያቴ ብርድ የሚፈራ ሰው ነበረ፤» አለ። «ይህን ያህል ዘመን ስላሞቁለት አመሰግናለሁ። አሁን ግን አፉ ባዶ ነው።»

ሚያው አነሣት፤ ለረጅም ጊዜም በመዳፉ ያዛት፤ በመጨረሻ ሥርዐቱን ረስቶ ወደ ወዳጁ ዘረጋት።

ሉ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «በጠረጴዛው ላይ፥ ወንድሜ። ያን ጊዜም የወደቀችው እንዲህ ነው።»

ሚያው ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፍቶ አኖራት፤ ሉም በሐር ጠቅልሎ ወደ አያቱ መቃብር ወሰዳት። ከዚያ በኋላ የሚያው ቀኝ እጅ፥ እንግዳ ፊትም ቢሆን፥ እንደ ልማዱ ተጨብጦ ባዶውን ያሽ ነበር፤ ድንጋይ ያሞቀውን እጅ ወዲያው ይረሳል፥ እጅ ግን ያሞቀውን ድንጋይ አይረሳም።